ከቤት በታች የቀረውን ክፍል መኖሪያ ለማድረግ፤ ከልስኑ በፊት ውኃው

ባሕር ዳር፦ እንደ ደሴና ጎንደር ባሉ ተዳፋት በሚበዛባቸው ከተሞች ቤት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ የቦታውን ከፍተኛ ጎን ቆርጦ ይደለድላል፤ ወይ ዝቅተኛውን ጎን በድንጋይ ግንብ ከፍ አድርጎ ዋናውን ቤት በላዩ ያቆማል። ሁለተኛውን የመረጠ ቤተሰብ ከሳሎኑና ከመኝታ ቤቱ ሥር ሳያቅደው አንድ ክፍል ያተርፋል። ክፍሉ ለዓመታት ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ሆኖ ይቆያል። ከግንባታ የተረፈ ቆርቆሮና ጣውላ፣ የተሰበረ አልጋ፣ ባዶ ጀሪካንና የማዳበሪያ ከረጢት ይከማችበታል።

ይህን ክፍል አንዱ ምድር ቤት ይለዋል፤ ሌላው ቤዝመንት። በዚህ ጽሑፍ ምድር ቤት የተባለው ከዋናው ቤት በታች ያለና ቢያንስ አንድ ጎኑ ከአፈር ጋር የተጣበቀ ክፍል ነው። ከመሬት በላይ የቆመ ተራ የታችኛ ፎቅ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ልጆች ሲያድጉ፣ ለትምህርት ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ሲበዛ ወይም የኪራይ ገቢ ሲያስፈልግ የቤተሰቡ ዐይን እዚያ ክፍል ላይ ያርፋል። ልጆቻቸውን ለማስተማር በከተማ ቤት የሚሠሩ አርሶ አደሮችም የታችኛውን ክፍል ለእህል ማስቀመጫና ለማደሪያ በአንድነት ያውሉታል። ሐሳቡ መልካም ነው። መሬት ሳይገዛ፣ መሠረት ሳይቆፈር፣ ጣሪያ ሳይለብስ አንድ ቤት ይገኛል።

ስሕተቱ ገንዘቡ በሚወጣበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ጂፕሰም፣ ሴራሚክና ቀለም ይሆናል። ክፍሉ በግንቦት ያምራል። በነሐሴ ቀለሙ ያብጣል፣ ልስኑ ይፈረፈራል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ሻጋታው ደግሞ ከሚመጡት ጉዳቶች ቀላሉ ነው። በምድር ቤት ሰው ሕይወቱን የሚያጣው ጎርፍ ሲገባ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድና መውጫ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከሴራሚኩ በፊት ሦስት ነገሮች መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ውኃው በየት ይሄዳል? አየሩ በየት ይገባል? ሰውስ በየት ይወጣል?

አንድ ክረምት መመልከት

የምድር ቤትን ጠባይ የሚያሳየው ክረምት ነው። በበጋ ደርቆ የታየ ግድግዳ ስለ ሐምሌ ምንም አይመሰክርም። ቤቱን በቅርቡ የገዛ ሰው ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ክፍሉን ባዶውን እያየ ቢያሳልፍ ብዙ ወጪ ይድናል። የሚታየው ነገር ቀላል ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃ የሚገባው በየትኛው ጎን ነው? ወዲያው ነው የሚገባው ወይስ ከሰዓታት በኋላ? ከግድግዳው መሐል ያዣል ወይስ ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት መስመር ይመነጫል? ወዲያው የሚገባ ውኃ በአብዛኛው ከጣሪያ ወይም ከግቢ የሚፈስ የገጽ ውኃ ነው፤ ቆይቶ የሚመጣው በአፈር ውስጥ የሰረገ ነው።

በግድግዳው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ነገርም ይናገራል። ብዙዎች ሻጋታ ይመስላቸዋል፤ ግን ጨው ነው። ውኃው በግንቡ ውስጥ ሲያልፍ ከአፈሩና ከሲሚንቶው የሟሟ ጨው ይዞ ይመጣል፣ እርሱ ሲተን ጨው ይቀራል። ዱቄቱ የደረሰበት ከፍታ ርጥበቱ የወጣበትን ከፍታ ያሳያል። ይህን ምልክት በቀለም የሸፈነ ሻጭ ወይም አከራይ ሊኖር ስለሚችል አዲስ ቀለም የተቀባ ምድር ቤት ሲታይ ጠጋ ብሎ ማሽተትና ከወለሉ አጠገብ ያለውን ልስን በጣት ማንኳኳት ይገባል። ከግንቡ የለቀቀ ልስን ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ወለሉ አርማታ ከሆነና ርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ካልተለየ አንድ ርካሽ ሙከራ አለ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ ወፍራም ላስቲክ በወለሉና በግድግዳው ላይ ጠርዙን በማጣበቂያ ዘግቶ ለሁለት ቀን መተው ነው። ላዩ ደርቆ ሥሩ ከረጠበ ውኃው ከአፈር ይመጣል። ሥሩ ደርቆ ላዩ ካላበው ግን ርጥበቱ ያለው በክፍሉ አየር ውስጥ ነው፤ ሞቅ ያለ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። የመጀመሪያው መፍትሔ ከውጭ ነው፤ የሁለተኛው አየር ማስገባት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ቦይ በሚያስፈልግበት መስኮት፣ መስኮት በሚያስፈልግበት ቦይ ሲሠራ ይከርማል።

ውኃን ከውጭ መመለስ

የጣሪያው ውኃ መቅደም አለበት፤ ከሁሉም ርካሹ እርሱ ነውና። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 5 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ይህ ባለ 200 ሊትር 25 በርሜል ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ከራሱ ግድግዳ ሥር ያፈስሰዋል። አሸንዳ ኖሮት መውረጃ ቧንቧው ግድግዳው ጥግ ላይ የሚያልቅ ከሆነም ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም ውኃውን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያጠጣዋል። ቧንቧው ውኃውን ቢያንስ ጥቂት ሜትሮች ርቆ በቁልቁለቱ በኩል መጣል አለበት።

ቀጥሎ የግቢው መሬት ነው። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ከግድግዳው በራቀ ቁጥር ዝቅ እያለ መሄድ ይኖርበታል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ በቂ ነው። በተዳፋት ቦታ ግን የላይኛው ጎን በተፈጥሮው ወደ ቤቱ ያዘነብላል። እዚያ በኩል ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ከዳገት የሚመጣውን ውኃ አቋርጦ በሁለቱም ጎን የሚያሳልፍ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ያስፈልጋል። አርሶ አደር ይህን አያጣውም፤ ከእርሻው በላይ የሚያወጣው ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሥራው አንድ ነው። በከተማ የሚከብደው ውኃው የሚሄድበት ቦታ ነው። ወደ ጎረቤት ግቢ የተቀለበሰ ጎርፍ የጎረቤቱን ምድር ቤት ያጥለቀልቃል፣ ጠብም ይወልዳል። መጨረሻው የመንገድ ዳር ቦይ ወይም የተፈጥሮ መፍሰሻ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ከ8 መቶ ዓመታት ገደማ በፊት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ባለሙያዎች ከምድር ገጽ በታች የሚገኙት ግቢዎች በዝናብ እንዳይሞሉ በዐለቱ ውስጥ የውኃ መውረጃ ቦዮችን ቆርጠዋል። ሕንጻን ወደ ምድር ማውረድ የፈለገ ሁሉ ውኃው ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚወጣበትን መንገድ አብሮ ማሰብ እንዳለበት ያውቁ ነበር።

በአፈር ውስጥ የሰረገው ውኃ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ቃል በቃልም ከባድ ነው። ከግድግዳው ጀርባ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቢጠራቀም፣ የአፈሩን ግፊት ሳይጨምር ውኃው ብቻውን እያንዳንዱን የአንድ ሜትር ርዝመት ግድግዳ በ2 ቶን ያህል ኃይል ይገፋል። ለዚህ ነው በድጋፍ ግንብ ላይ ግንበኞች የውኃ መውጫ ቀዳዳ የሚተዉት። አይጥ ገባበት ተብሎ ይህን ቀዳዳ በሲሚንቶ መድፈን ግንቡን ለግፊት አሳልፎ መስጠት ነው። ለአይጥ የሽቦ ወንፊት ይበቃል።

ሁነኛው መፍትሔ በላይኛው ጎን ከግድግዳው ውጭ እስከ ምድር ቤቱ ወለል ድረስ ቆፍሮ፣ የግንቡን የውጭ ፊት አጽድቶና ለስኖ በሬንጅ ወይም በሜምብሬን መሸፈን ነው። ከሥሩ የተበሳሳ ቧንቧ በጠጠር መሐል ይነጠፋል፤ ጠጠሩ በአፈር እንዳይደፈን ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይጠቀለልበታል፤ ቧንቧው በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ በዝቅተኛው ጎን አየር ላይ ይወጣል። ቁፋሮው ከመሠረቱ በታች መውረድ የለበትም፤ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ጎን ከመክፈትም በየክፍሉ መሥራቱ ይመረጣል። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ሲቃረብ የቦዩ ግድግዳ ተንዶ ሠራተኛ ሊቀብር ስለሚችል በጣውላ መደገፍ ወይም አስፍቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ በክረምት የሚቆፈር እንዲህ ያለ ቦይ ቤቱንም ሰውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ገበያ ላይ ከውስጥ በኩል የሚቀቡ ውኃ መከላከያዎች አሉ፤ ሻጮቻቸውም ብዙ ይናገሩላቸዋል። በሲሚንቶ የሚቦኩት ዓይነቶች ቀለል ላለ ወዝ ይጠቅማሉ። ውኃ የሚገፋውን ግድግዳ ግን አያድኑም፤ ውኃው ከጀርባቸው እየመጣ ይልጣቸዋል። ከውስጥ መቀባት ካባው በዝናብ ከራሰ በኋላ ሸሚዙን ብቻ እንደማድረቅ ነው።

አፈሩ ጥቁር አፈር ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ግድግዳውን ይገፋል፣ ይለቅቃል። በግንቡ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ወይም ወደ ውስጥ የመጣ ሆድ ከታየ ሌላ ወጪ ከመውጣቱ በፊት መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

ባሕር ዳርን በመሳሰሉ ሜዳማና ከሐይቅ ዳር ባሉ ከተሞች ደግሞ ጉዳዩ ይለወጣል። እዚያ ውኃው የሚመጣው ከዳገት ሳይሆን ከሥር ነው፤ በክረምት የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይላል፤ ቦይ ቢቆፈርም ውኃውን የሚወስድበት ዝቅተኛ ቦታ የለም። የሚቀረው በፓምፕ መቅዳት ብቻ ይሆናል። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ በከባድ ዝናብ ሰዓት ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሚልኩት ፎቶግራፍ ላይ የታየ የሚያምር ቤዝመንት ብዙ ጊዜ ከሥሩ እንዲህ ያለ ፓምፕ፣ ከጎኑም የማሞቂያና የአየር መንገድ እንዳለው ፎቶግራፉ አያሳይም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ውኃ የሚያመነጭ ምድር ቤትን መኝታ ቤት ለማድረግ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም።

ወለሉን ከመቆፈር በፊት መለካት

ብዙ ምድር ቤቶች ዝቅ ያሉ ናቸው። ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ክፍል ሲሆን የመጀመሪያው ሐሳብ ወለሉን ቆፍሮ ማውረድ ይሆናል። ከሁሉም ስሕተቶች ቤት የሚያፈርሰው ይህ ነው። የድንጋይ መሠረት የሚቆመው በሥሩ ባለው አፈር ብቻ ሳይሆን በጎንና በጎኑ ባለው አፈር ጭምር ታቅፎ ነው። ከውስጥ በኩል ያለው አፈር ሲነሣ፣ ከውጭ ያለው አፈርና ከላይ ያለው ቤት የሚገፉት መሠረት የሚደግፈው ያጣል። አደጋው ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ አንድ ክረምት ይጠብቃል።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሠራው ቁፋሮ ሳይሆን ልኬት ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ደንብ ለመኖሪያ ክፍል 2 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይጠይቃል፤ ለማነጻጸሪያ ይበቃል። ልኬቱ ግን ከአፈሩ ወለል አይጀምርም። ርጥበት የማያሳልፍ ወለል ለመሥራት በተደለደለው አፈር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ በየመገጣጠሚያው የተደራረበና ጠርዙ ወደ ግድግዳው የወጣ ወፍራም ላስቲክ፣ በመጨረሻም 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይገባል። ይህ ሁሉ ከ35 ሳንቲ ሜትር አያንስም። ከአፈሩ እስከ ጣሪያው 2 ሜትር ከ40 የተለካ ክፍል ወለሉ ሲያልቅ 2 ሜትር ከ5 ይቀረዋል፤ ኮርኒስ ቢለብስ ረጅም ሰው ራሱን ይመታል። ይህን ቀድሞ ያሰላ ቤተሰብ ኮርኒሱን ይተዋል፣ ወይም ክፍሉን ለሌላ ነገር ያውለዋል። ቁፋሮ የግድ ከሆነ መሠረቱ የት ላይ እንደሚያልቅ በባለሙያ ታይቶ፣ ከግድግዳው ርቆ መሆን አለበት።

ውኃው ከተመለሰና ወለሉ ከተሠራ በኋላ አንድ ክረምት ማሳለፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም ቦዩ በትክክል መሥራቱን የሚፈትነው ያ ክረምት ነው። ከአፈር ጋር በሚነካካው ግድግዳ ላይ ጣውላና ጂፕሰም ቦርድ በቀጥታ መግጠም አይመከርም፤ ጣውላው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል፣ ከጀርባው የሚበቅለውን ሻጋታም ማንም አያየውም። በኖራና በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የሚተነፍስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይኮራበት ይሆናል፤ ችግር ሲመጣ ግን ይታያል። አልጋና ቁም ሳጥን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ይራቅ። ወለሉን በሙጫ ከሚጣበቅ ምንጣፍ ሴራሚክ ወይም ልሙጥ ሲሚንቶ ይሻለዋል። የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ከወለሉ ከፍ ብለው ይተከሉ፤ የምድር ቤቱ መስመርም ለብቻው የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ ከላይኛው ቤት ይኑረው። ውኃ በገባበት ክፍል ውስጥ ገብቶ መብራት ማጥፋት የብዙዎች የመጨረሻ ሥራ ሆኗል።

ከሰል፣ ጄነሬተርና የነቀዝ ኪኒን

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ቀዝቃዛ ከተሞች ምድር ቤት ሌሊት ይበርዳል። ተከራዩ ተማሪ ወይም አራስ የያዘች እናት በከሰል ምድጃ ክፍሉን ታሞቃለች። ቡና ተፈልቶ ፍሙ ሲቀርም ወደ ውጭ ከማውጣት በአመድ ተዳፍኖ እስከ ጠዋት እንዲቆይ ይደረጋል። ከላይ ባለ ቤት ይህ ልማድ አደገኛ ነው። አንድ ትንሽ መስኮት ባለው፣ ሦስት ጎኑ አፈር በሆነ ክፍል ውስጥ ግን ቤተሰብ ይጨርሳል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይያያዛል፤ ስለዚህ ጥቂቱም ይበቃል። አሳሳቹ ነገር ጭስ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ጭሱ ያስለቅሳል፤ ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል፣ ሰውም አሁን ደኅና ሆነ ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ጋዙ ግን የሚመነጨው ከፍሙ ነው፤ የተዳፈነ ረመጥም ያመነጫል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ በአንድ ክፍል ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አይገባም። ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ራሱን የሳተውን ሰው አውጥቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄነሬተርም በምድር ቤት ውስጥ ወይም በመስኮቱ ሥር ሊቀመጥ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ምድር ቤት ለማደሪያ ይሆናል የሚባለው ያለ ከሰል ሊታደርበት ሲችል ነው። በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ወይም ቢያንስ በበሩና በሩቅ ባለው ግድግዳ በኩል አየር የሚያሳልፍ መክፈቻ ያስፈልገዋል። ከላይ የተጠቀሰው ደንብ የመስኮቱ መስታወት ከወለሉ ስፋት 8 በመቶ፣ የሚከፈተው ክፍል ደግሞ 4 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል፤ 12 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል አንድ ካሬ ሜትር የሚጠጋ መስኮት ማለት ነው፣ ግማሹም የሚከፈት። ማብሰያው ከመኝታው ውጭ ይሁን። በክረምት መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ማዋል ግን ክፍሉን አያደርቀውም፤ የውጭው አየር ራሱ ርጥብ ነውና። ፀሐይ በወጣበት ሰዓት ከፍቶ ሲመሽ መዝጋት ይሻላል።

ለአርሶ አደር ቤተሰብ ከከሰልም ያላነሰ አደጋ አለ። እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ በኪኒን መልክ የሚሸጠው አልሙኒየም ፎስፋይድ በአየር ውስጥ ካለው ርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይለቅቃል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ በበር ሥር፣ በጣውላ ወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ ወደ ሌላ ክፍል ያልፋል። ምድር ቤት ደግሞ ርጥብም ዝቅተኛም ነው። በአንዱ ጥግ ኪኒን የተጨመረበት ከረጢት፣ በሌላው ጥግ አልጋ ያለበት ክፍል ሊኖር አይገባም፤ በመጋረጃ ወይም በጂፕሰም መከለልም አይበቃም። ከላዩ ሰው በሚያድርበት ምድር ቤት ውስጥም ቢሆን ይህን ኪኒን መጠቀም ክልክል ነው ብሎ መያዝ ይገባል። እህሉ ከመኖሪያው ተለይቶ የቆመ ጎተራ ወይም አየር የማያስገባ ከረጢት ይፈልጋል። አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ በሚገባ የደረቀ እህል ሲታሰር ነቀዙ ያለ መድኃኒት ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል።

ሁለተኛው መውጫ

ነሐሴ 26 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት አይዳ ከተባለው ዐውሎ ነፋስ የተረፈው ዝናብ ኒው ዮርክ ከተማ ላይ ወረደ። በከተማዋ መሐል በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ በአንድ ሰዓት ብቻ 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። በከተማዋ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት በምድር ቤት መኖሪያዎች ውስጥ ነበር። ሀብታም ከተማ፣ የፍሳሽ መስመር ያላት፣ የእሳት አደጋ መኪና በደቂቃዎች የሚደርስባት ከተማ ናት። ምድር ቤት የገባውን ጎርፍ ግን አልቀደመችውም።

ምክንያቱ በሩ ላይ ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ውጭ ግማሽ ሜትር ውኃ ቢቆምበት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ኃይል ይጫነዋል፤ ልጅ ወይም ሽማግሌ አይገፋውም። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ በሩ በተከፈተ ቅጽበት ውኃው ሰውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ ያለው ምድር ቤት፣ በተለይም በሩ ከደረጃ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ፣ መኝታ ቤት አይደለም። ከበሩ ሌላ ሰው የሚያስወጣ መስኮት ያስፈልገዋል። የተጠቀሰው የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለው መስኮት ሲከፈት ቢያንስ 51 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 61 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ በጠቅላላው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው፣ ከወለሉም ከ112 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይላል። ሁለቱም ልኬቶች በዝቅተኛው ቢወሰዱ ክፍተቱ ግማሽ ካሬ ሜትር ስለማይሞላ አንዱ መጨመር አለበት።

በሀገራችን ከዚህ ላይ የብረት ፍርግርጉ ይጨመራል። ለሌባ ተብሎ በግንቡ ውስጥ የተቀበረ ብረት በጎርፍና በእሳት ጊዜ ቤተሰቡን ይቆልፋል። ፍርግርጉ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ቢሆን ሌባውንም ይከለክላል፣ ሰውንም ያስወጣል። የብረታ ብረት ባለሙያ ለዚህ የሚጠይቀው ጭማሪ ከሴራሚኩ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። አዲስ መስኮት ሲከፈት ግን ግድግዳው ቤቱን የተሸከመ መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ሊንቴል የሚባለው የአርማታ ማሰሪያ ከላዩ ሳይገባ ድንጋይ ፈልቅቆ ማውጣት ላይኛውን ቤት ይሰነጥቃል።

መጸዳጃ ቤት ለመጨመር ሲታሰብ ጥያቄው አንድ ነው፤ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ከምድር ቤቱ ወለል በታች ነው ወይስ በላይ? በላይ ከሆነ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ፍሳሹ ወደ ታችኛው መጸዳጃ ይመለሳል፤ የማይመልስ ቫልቭ ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይሆንም። በዳገቱ በኩል የተቆፈረ ያልተለሰነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ደግሞ በግድግዳው የሚያዣው ውኃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ ሲል አዲስ ሕንጻ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ጨምሮ ነው። መጋዘን የነበረን ክፍል መኖሪያ ማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ከተማ አስተዳደሩ የግንባታ ፈቃድ ክፍል መሄድ ይገባል። ብዙዎች ይህን ወረቀት እንደ እንግልት ብቻ ያዩታል። ሆኖም ግድግዳውን ስለመክፈትና ወለሉን ስለማውረድ ባለሙያ የሚጠየቅበት አጋጣሚም ይኸው ነው።

ተከራይም የድርሻውን ማየት ይችላል። ክፍሉን በዝናብ ቀን መጎብኘት፣ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ መዳሰስ፣ የፍርግርጉን መክፈቻ መሞከር፣ ጎረቤትን ባለፈው ነሐሴ ውኃ ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ ወጪ የለውም። በጎረቤት ክፍል እህል ተቀምጦ ከሆነ መድኃኒት ተጨምሮበት እንደሆነም ይጠየቃል።

እነዚህን ማሟላት የማይችል ምድር ቤትም ከንቱ አይደለም። በላስታና አካባቢው በድንጋይ የተሠሩ ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ሰውን ከላይ፣ ከብቱንና ዕቃውን ከታች ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል አየር ከዞረበት ለምግብ ድንች ማቆያ ጥሩ ነው፤ ብርሃን ያየ ድንች ይአረንጓዳል፣ አረንጓዴው ክፍልም ጤና ይጎዳል። ድንቹ በባዶ ወለል ላይ ሳይሆን በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የዘር ድንች ግን በቀጥታ ፀሐይ ያልሆነ ብርሃን ስለሚፈልግ ማስቀመጫው ከምድር ቤቱ ውጭ ነው።